የቅኝ ግዛት ዘመን ፎቶግራፍን ማንበብ፦ በሳሞአና በፊጂ ተለማምዶ ወደ አራዳ መመለስ

ፒያሳና ቸርችል ጎዳና አካባቢ ባሉ የቅርሳ ቅርስ ሱቆች አልፎ አልፎ የድሮ ፖስትካርድና ፎቶግራፍ ይገኛል። ብዙውን ጊዜ የጣሊያን ወረራ ዘመን ነው፤ አንዳንዴም ከዚያ ይቀድማል። ገዢው አንዱን መዝዞ ያወጣል፣ "የድሮ አዲስ አበባ" ብሎ በስልኩ ያነሳና ይለጥፈዋል። ከዚያ ወዲያ ምስሉ ያለ አንሺ፣ ያለ ዓመት፣ ያለ ቦታ ከስልክ ወደ ስልክ ይዞራል፤ ሦስተኛው ሰው ዘንድ ሲደርስ የተሳሳተ ስም ወጥቶለታል። ይህ መመሪያ ፎቶግራፉ ከመለጠፉ በፊት ምን መሠራት እንዳለበት ያሳያል።

ልምምዱን ግን ከሩቅ ቢጀምሩት ይሻላል፤ ከሳሞአ፣ ከፊጂ፣ ከኒው ጊኒ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያና በ20ኛው መጀመሪያ በእነዚህ የፓስፊክ ደሴቶች ከተነሱት ፎቶግራፎች ብዙዎቹ አንሺያቸው ይታወቃል፣ ህትመቱ የሚወጣበት የመስታወት ኔጋቲቫቸው ሳይቀር ተጠብቋል፣ በትልቅ መጠንም በነጻ ይወርዳሉ። ዌሊንግተን የሚገኘው የኒውዚላንድ ብሔራዊ ሙዚየም ቴ ፓፓ ብቻውን ለወራት የሚበቃ መለማመጃ አለው። ሌላም ምክንያት አለ። የራሳችንን አገር ፎቶ ስናይ ናፍቆትና ቁጭት ዓይናችንን ይይዘዋል፤ የሌላውን ስናይ ግን ፎቶው እንዴት እንደተሠራ ጎልቶ ይታየናል። አሠራሩ ደግሞ እዚያም እዚህም ተመሳሳይ ነው፦ በቅኝ ግዛት ዘመን የተነሳ ፎቶግራፍ በአብዛኛው የሚሸጥ ዕቃ ነበር። ለማን ሊሸጥ እንደተሠራ ካልታወቀ፣ በውስጡ ያለው ሰው ለምን እንደዚያ እንደቆመ ማወቅ አይቻልም።

ከዚህ በታች የፓስፊኩና የፎቶግራፍ ዘዴዎቹ ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። የአገር ቤቱን "ዓ.ም." እያልን እንለያለን።

የሚያስፈልገው ዕቃ

አሥር እጥፍ የሚያጎላ ትንሽ አጉሊ መነጽር፣ ሚሊሜትር ያለው ማስመሪያ፣ አንገቱ የሚታጠፍ የጠረጴዛ መብራት፣ 2ቢ እርሳስ፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ በእጅ ተጨምቆ አየር የሚተነፍስ ጎማ፣ ነጭና ጥቁር ወረቀት። ይኸው ነው። እስክሪብቶ ከጠረጴዛው ይራቅ፤ ቀለሙ ከጀርባ ወደ ፊት ዘልቆ ይወጣል። ለወረቀት ፎቶ እጅን በሳሙና ታጥቦ በደንብ ማድረቅ ይበቃል፤ የጥጥ ጓንት ያንሸራትታል፣ የወረቀቱን ጠርዝም ይይዝና ይቀድዳል። ለመስታወት ኔጋቲቭ ግን የሐኪም ቤቱን ዓይነት ስስ የናይትሪል ጓንት ያድርጉ፣ ጠርዙን ብቻ በሁለት እጅ ይያዙ።

በመጀመሪያ ወረቀቱን ይመልከቱ

ምስሉ ላይ ማን እንዳለ ከመጠየቅዎ በፊት የያዙት ነገር ምን እንደሆነ ይወቁ። አጉሊ መነጽሩን ከምስሉ መካከለኛ ጥላ ላይ ያድርጉ፤ ጥቁሩ ወይም ነጩ ላይ ሳይሆን ግራጫው ላይ።

ረድፍ የያዙ ጥቃቅን ነጥቦች ከታዩ የማተሚያ ቤት ሥራ ነው፤ ከመጽሐፍ፣ ከመጽሔት ወይም ከርካሽ ፖስትካርድ የመጣ። ትል የመሰሉ የተጠማዘዙ ቅንጣቶች ከታዩ ኮሎታይፕ የሚባለው ጥሩ የማተሚያ ዘዴ ነው፤ የ1900ዎቹ መጀመሪያ ፖስትካርዶች ብዙዎቹ በዚህ ታትመዋል። ምንም ነጥብ ሳይኖር ጥላው ከብርሃን ወደ ጨለማ ያለ ስፌት የሚያልፍ ከሆነ እውነተኛ የፎቶግራፍ ህትመት ይዘዋል። በወረራው ዘመን ከታተሙ የጣሊያን ፖስትካርዶች አንዳንዶቹ ጀርባቸው ላይ "ቬራ ፎቶግራፊያ" የሚል ጽሑፍ አለ፤ እውነተኛ ፎቶ ነው ማለቱ ነው። ጽሑፉን ካዩም በኋላ በመነጽሩ ያረጋግጡ።

እውነተኛ ህትመት ከሆነ ቀጥሎ የሚፈለገው የወረቀቱ ክር ነው። መብራቱን ዝቅ አድርገው ከጎን ያብሩበት። የወረቀቱ ክሮች በምስሉ ውስጥ አልፈው የሚታዩ፣ ፊቱ ጥቂት የሚያብለጨልጭና በጣም ጥቃቅን ስንጥቅ ያለበት፣ ቀለሙ ወደ ቡናማ ወይም ሐምራዊ የሚያደላ፣ ነጭ መሆን የነበረበት ቦታ የቢጫ ጥላ ያረፈበት ከሆነ አልቡሚን ነው። ወረቀቱ በእንቁላል ነጭ ተቀብቶ የተሠራ ነው። ዘዴው በ1850 ተፈልስፎ እስከ 1890 ገደማ ድረስ ገበያውን ይዞ ቆይቷል። ወረቀቱ በጣም ስስ ስለሆነና ስለሚጠቀለል ሁልጊዜ ማለት ይቻላል በወፍራም ካርቶን ላይ ተለጥፎ ይገኛል። ክሩ ካልታየ፣ ማለትም በወረቀቱና በምስሉ መካከል ነጭ ሽፋን ካለ፣ ከ1890ዎቹ ወዲህ የተስፋፋው የጄላቲን ወይም የኮሎዲዮን ወረቀት ነው። በጄላቲን ህትመት ጥቁር ቦታዎች ላይ፣ በተለይ ጠርዙ አካባቢ፣ ሰማያዊ ያዘለ የብር ቅብ የመሰለ ነጸብራቅ ቢያዩ እንዳይጠርጉት። ብሩ ራሱ ወደ ላይ ወጥቶ ነው፤ ሲጠረግ ምስሉም አብሮ ይጠረጋል።

አሁን ይለኩ። የካርቶኑ መጠን ብዙ ይናገራል። ወደ 6.4 × 10 ሴ.ሜ. የሆነው ከ1860ዎቹ ጀምሮ በዓለም ዙሪያ የተሰራጨው ትንሹ የስጦታ ካርድ ነው። ወደ 10.8 × 16.5 ሴ.ሜ. የሆነው ካቢኔ ካርድ ይባላል። 8.9 × 17.8 ሴ.ሜ. ሆኖ ሁለት ተመሳሳይ ምስል ጎን ለጎን ካለበት በሁለት ዓይን መመልከቻ የሚታይ ስቴሪዮ ነው። ካርቶን የሌለውን ህትመት ከመስታወት ኔጋቲቩ (ከሰሌዳው) መጠን ጋር ያነጻጽሩ፦ ሙሉ ሰሌዳ 16.5 × 21.6፣ ግማሽ ሰሌዳ 12 × 16.5 ሴ.ሜ. ነው።

ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ? ለአንዱ ጥያቄ መልስ ስለሚሰጥ ነው፦ ፎቶው የተነሳበት ዓመትና የታተመበት ዓመት አንድ ናቸው? በፓስፊኩ ጉዳይ ብዙ ጊዜ አይደሉም። በኒውዚላንድ ደኒደን ከተማ የነበረው የበርተን ወንድማማቾች ስቱዲዮ ባልደረባ አልፍሬድ በርተን በ1884 ዋይራራፓ በምትባል መርከብ ተሳፍሮ ፊጂን፣ ሳሞአንና ቶንጋን አነሳ። ስቱዲዮው በ1898 ወደ ሙርና ሙዲ እጅ ሲያልፍ ኔጋቲቮቹም አብረው አለፉ፤ እነሱም በራሳቸው ስም ማተሙን ቀጠሉ። ስለዚህ የሙርና ሙዲ ስም ያለበት ካርድ ላይ የሚታየው መንደር ካርዱ ከታተመ ከ20 ዓመት በፊት የነበረ ሊሆን ይችላል። በሳሞአ አፒያ ከተማ የነበረው የጆን ዴቪስ ስቱዲዮም እንዲሁ ለአልፍሬድ ታተርሶል ተላልፏል። የአንሺውን ስም ከካርዱ ገልብጦ መጻፍ የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው፤ በካርዱ ላይ ያለው የሻጩ ስም ነው። የእኛም አገር ስቱዲዮዎች ከአባት ለልጅ ያልፉ ነበር። በምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ የነበረው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን ሥራውን ልጆቹ ወርሰውታል፤ የቤተሰቡን ስም ብቻ የያዘ ማኅተም የትኛው ትውልድ እንዳነሳው አይነግርዎትም።

ምስሉ ላይ የተጻፈው ቁጥርና ጽሑፍ

የበርተን ወንድማማቾችን ህትመት በኮምፒውተር አጉልተው ግርጌውን ይዩ። ነጭ ፊደልና ቁጥር አለ። ነጭ ጽሑፍ በኔጋቲቩ ላይ በቀለም የተጻፈ ነው፤ ቀለሙ ብርሃን ስለከለከለ ወረቀቱ ላይ ነጭ ሆኖ ቀረ። ጥቁር ጽሑፍ ደግሞ ኔጋቲቩ ላይ በመርፌ ተቧጭሮ የተጻፈ ነው። ሁለቱም ኔጋቲቩ ላይ ያለ ጽሑፍ ስለሆነ ከእያንዳንዱ ህትመት ጋር ይወጣል። በእርሳስ ወይም በብዕር ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ግን የዚያ አንድ ቅጂ ባለቤት ጽሑፍ ነው። በማስታወሻዎ ውስጥ ሁለቱን ለየብቻ ይገልብጡ፤ ፊደል ሳያርሙ፣ ስሕተቱን ሳያስተካክሉ።

ቁጥሩ የካታሎግ ቁጥር ነው። ገዢው ቁጥሩን እየጠቀሰ ያዝዝ ነበር። በተከታታይ ቁጥር የተሰጣቸው ምስሎች በአንድ ጉዞ የተነሱ የመሆን ዕድላቸው ሰፊ ስለሆነ፣ ያልታወቀውን ምስል ከጎረቤቶቹ መለየት ይቻላል። በቴ ፓፓ ድረ ገጽ የያዙት ቁጥር ባይገኝ እንኳ ከፊትና ከኋላ ያሉትን አምስት አምስት ቁጥር ይፈልጉ፤ ያው ዛፍ፣ ያው ጀልባ፣ ያው ሰው በሌላ ማዕዘን ሊገኝ ይችላል።

ቀጥሎ ጋዜጣ። የኒውዚላንዱ ፔፐርስ ፓስትና የአውስትራሊያው ትሮቭ የዘመኑን ጋዜጦች ዲጂታል አድርገው በነጻ ያስነብባሉ። የመርከቡን ስምና የደሴቱን ስም አብረው ያስገቡ። ጋዜጦቹ መርከብ የገባበትንና የወጣበትን ቀን ይዘግቡ ስለነበር የአንዳንድ ፎቶዎችን ዕድሜ እስከ ቀኑ ድረስ ማጥበብ ይቻላል። ፍለጋው ባዶ ሲሆን ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የቦታ ስም ነው። የያኔውን ስም ይጠቀሙ፦ ለሳሞአ ናቪጌተር ደሴቶች፣ ለቶንጋ ፍሬንድሊ ደሴቶች፣ ለቫኑዋቱ ኒው ሄብሪድስ፣ ለኪሪባቲ ጊልበርት፣ ለቱቫሉ ኤሊስ፣ ለሃዋይ ሳንድዊች ደሴቶች። በላቲን ፊደል መጻፉ ግድ ነው። ቤትዎ ያለው ኢንተርኔት ለትልልቅ ፋይሎች የማይበቃ ከሆነ፣ አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ ለመሥራት ይመቻል።

ዓመቱን በቋሚ ምልክት ማጥበብ

ልብስና ጺም አይመኑ። የማይንቀሳቀስና ቀኑ የታወቀ ነገር ይፈልጉ። የአፒያ ወደብ ለዚህ ጥሩ ማስተማሪያ ነው። በማርች 1889 በመታው አውሎ ነፋስ አድለር የተባለው የጀርመን የጦር መርከብ የኮራል አለቱ ላይ ተወርውሮ ጎኑን ተኛ፤ ስብርባሪውም ለአሥርተ ዓመታት እዚያው ቆየ። በወደቡ ፎቶ ላይ ያ የዛገ ቀፎ ካለ ምስሉ ከማርች 1889 በኋላ ነው። አለቱ በግልጽ እየታየ መርከቡ ከሌለ ከዚያ በፊት ነው ወይም እጅግ ዘግይቶ ነው። ባንዲራም ይረዳል፦ የጀርመን ባንዲራ በአፒያ የተሰቀለው ማርች 1 ቀን 1900 ሲሆን፣ የኒውዚላንድ ጦር ኦገስት 29 ቀን 1914 ደሴቱን ያዘ። ወንዶች ነጭ መስመር ያለበት ሰማያዊ ላቫላቫ አገልድመው በሰልፍ ከታዩ፣ በ1920ዎቹ መጨረሻ ለራስ አስተዳደር የተነሳው የማው ንቅናቄ የደንብ ልብስ ሊሆን ይችላል። የንቅናቄው መሪ ቱፑዋ ታማሴሴ ዲሴምበር 28 ቀን 1929 በሰላማዊ ሰልፍ ላይ በጥይት ተመትቶ በማግስቱ ሞቷል፤ እንዲህ ያለ ፎቶ እጅዎ ከገባ ባህላዊ ትርዒት ነው ብሎ ማለፍ ትልቅ በደል ነው።

የፖስትካርድ ጀርባም ቀን ነው። ጀርባው በመስመር ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ለመልእክት ግማሹ ለአድራሻ የሆነበት ዘመን በብሪታንያ ከ1902፣ በጀርመን ከ1905፣ በአሜሪካ ከ1907 ይጀምራል። ያልተከፈለ ጀርባ ያለው የጀርመን ሳሞአ ካርድ እንግዲህ በአብዛኛው ከ1905 በፊት የታተመ ነው።

ይህንኑ ዘዴ ይዘው ወደ አራዳ ይምጡ። የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት ጊዮርጊስ ፊት ለፊት የቆመው በ1923 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ንግሥ ዋዜማ ነው፤ በወረራው ዘመን ጣሊያኖች ነቅለውት፣ ከነጻነት በኋላ ተመልሶ ቆሟል። ስለዚህ አደባባዩ በግልጽ እየታየ ሐውልቱ ከሌለ ፎቶው ወይ ከ1923 ዓ.ም. በፊት ነው ወይ የወረራው ነው። ባቡር ጣቢያው ፊት ያለው የይሁዳ አንበሳም በዚያው በ1923 ዓ.ም. ተተክሎ በ1929 ዓ.ም. ወደ ሮም ተጭኗል። የጣሊያን ካርዶች ላይ በሮማን ቁጥር የተጻፈ የፋሽስት ዘመን ዓመት ካለ ስሌቱ ቀላል ነው፦ በቁጥሩ ላይ 1921 ሲደምሩ ዓመቱ የጀመረበትን የአውሮፓ ዓመት ያገኛሉ፤ የሚጀምረውም ኦክቶበር 28 ነው። 14 ከሆነ ከኦክቶበር 28 ቀን 1935 እስከ ኦክቶበር 27 ቀን 1936 ማለት ነው። በተራ ቁጥር "1934" ብቻ የተጻፈበት የቤተሰብ ፎቶ ግን ወጥመድ ነው፤ በማን አቆጣጠር? የጻፈው እጅ በግዕዝ ፊደል ከጻፈ ዓ.ም. የመሆን ዕድሉ ያመዝናል፤ ያም ሆኖ በማስታወሻዎ ላይ ሁለቱንም ዕድል ይጻፉ። ከዓ.ም. ወደ አውሮፓ ሲቀይሩ ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር 31 ባለው 7፣ ከጃንዋሪ 1 እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ይደምሩ።

ሰዎቹን ማየት

አሁን ወደ ሰዎቹ መምጣት ይቻላል። ለልምምድ ከሳሞአ በብዛት ከተሸጡት ምስሎች አንዱን ይውሰዱ፦ ሁለት ሦስት ወጣት ሴቶች መሬት ላይ ተቀምጠው፣ ፊታቸው ብዙ እግር ያለው ታኖአ የተባለ የእንጨት ገበታ፣ አቫ የተባለውን መጠጥ ሲያዘጋጁ። መጀመሪያ ጠርዙን ይዩ። ከኋላቸው ያለው ጫካ ቅጠሉ ከፊት ወደ ኋላ እኩል የደበዘዘ ከሆነ የተቀባ መጋረጃ ነው። የጥላውን አቅጣጫ ይከተሉ፤ ሴቶቹ ላይ ብርሃኑ ከግራ፣ ከኋላ ያለው "ዛፍ" ላይ ከቀኝ ከመጣ ስቱዲዮ ውስጥ ነዎት። ህትመቱ ሲለጠፍ ጠርዙ ተቆርጦ ሊሆን ስለሚችል፣ ከተገኘ የኔጋቲቩን ስካን ያውርዱና ያወዳድሩ። ኔጋቲቩ ላይ መጋረጃው የሚያልቅበት መስመር፣ የወለሉ ሳንቃ፣ አንዳንዴም ዳር የቆመ ረዳት ይገኛል።

ከዚያ ዕቃውን። በተለያዩ ሰዎች ፎቶ ላይ አንድ ዓይነት የአንገት ጌጥ፣ አንድ ዓይነት ዱላ፣ አንድ ዓይነት ምንጣፍ ሲደጋገም ዕቃው የስቱዲዮው ነው፤ የሰውየው ማዕረግ ምልክት ሊሆን አይችልም። በጀርመን ተወልዶ በአውስትራሊያ የሠራው ጆን ሊንት በ1870ዎቹ ግራፍተን ከተማ ውስጥ የአገሬውን ተወላጆች በስቱዲዮው ቅጠልና ቅርንጫፍ ደርድሮ "በጫካ ውስጥ" አስመስሎ አንስቷቸዋል። እሱው በ1885 ከብሪታንያ ልዑክ ጋር ወደ ኒው ጊኒ ተጉዟል፤ የሁለቱን ጊዜ ሥራዎቹን ጎን ለጎን ማየት የስቱዲዮንና የሜዳን ልዩነት ቶሎ ያስተምራል።

ይህ ማለት ግን የተነሱት ሰዎች በሙሉ አሻንጉሊት ነበሩ ማለት አይደለም፤ በዚህ ነጥብ ላይ ብዙ ጽሑፍ ይሳሳታል። የሳሞአ አለቆች ራሳቸው ከፍለው ይነሱ ነበር፤ ከ1891 ጀምሮ እስከ ሞቱ በ1939 ሳሞአ የኖረው ቶማስ አንድሩ ካነሳቸው ሰዎች ስማቸው የታወቁ አሉ። አንዲት ልጅ ቱኢንጋ የተባለውን ትልቅ የራስ ጌጥ ደፍታ ከታየች ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፦ የአለቃ ልጅ ሆና በራሷ ማዕረግ ተነስታለች፣ ወይም ለካርድ ሽያጭ አልብሰዋታል። ዳኛው ስሟ ነው። በአንዱ ቅጂ ላይ ስሟ ተጽፎ በሌላው "የሳሞአ ውበት" ብቻ ከተባለ፣ ስሙን ያጠፋው ገበያው ነው፤ እርስዎ ስሙን ይመልሱ።

ምስሎቹ ከአገር ወጥተው የት እንደደረሱም ይከታተሉ። በታሂቲ ደሴት ፓፔቴ ከተማ የነበረው ፎቶግራፍ አንሺ ሻርል ስፒትዝ ያነሳውን ከአለት የሚወርድ ውኃ የሚጠጣ ሰው፣ ፈረንሳዊው ሠዓሊ ፖል ጎጋን በ1893 ሥዕል አድርጎታል። ዛሬ ብዙ ሰው የሚያውቀው ሥዕሉን ነው።

የእርሻ ፎቶዎችን ከዚህ ለይተው ያንብቡ። ከ1879 እስከ 1916 ድረስ ከ60,000 በላይ ሕንዳውያን የአምስት ዓመት ውል ፈርመው ወደ ፊጂ የሸንኮራ አገዳ እርሻ ተወስደዋል። እዚህ ደንበኛው ቱሪስት ሳይሆን ኩባንያው ወይም ተቆጣጣሪው ሊሆን ይችላል። ማን እንደቆመ፣ ማን እንደተቀመጠ፣ ማን ፈረስ ላይ እንዳለ፣ ማን ጫማ እንዳለው ይቁጠሩ። አገዳው አጠገብ ሁሉም ንጹሕ ልብስ ለብሶ በረድፍ ከቆመ ሥራ ቆሞ ነው የተነሱት።

አራት ስሕተት በተደጋጋሚ ይፈጸማል። አንደኛው የቆዳ ቀለም ነው። የዘመኑ ሰሌዳዎች ለሰማያዊ ብርሃን ንቁ፣ ለቀይ ግን ዕውር ነበሩ፤ ስለዚህ ሰማዩ ባዶ ነጭ ይወጣል፣ ቡናማ ቆዳ ከእውነቱ ይጠቁራል፣ ቀይ ጨርቅ ጥቁር ይመስላል። ከፎቶው ተነስቶ "በጣም ጥቁር ነበሩ" ማለት አይቻልም፤ ምስሉን በኮምፒውተር ቀለም መቀባትም በዚሁ ምክንያት የልብሱን ቀለም ያዛባል። ሁለተኛው ፈገግታ አለመኖሩን እንደ ሐዘን ወይም እንደ ቁጣ መተርጎም ነው። ውኃው ወተት መስሎ ከታየና ቅጠሉ ከተንቀጠቀጠ ሰሌዳው ለሰከንዶች ተከፍቶ ነበር፤ ያን ያህል ፊት ሳያንቀሳቅሱ ፈገግ ብሎ መቆየት አይቻልም። ሦስተኛው የተገለበጠ ምስል ነው፤ የመስታወት ኔጋቲቭ በተሳሳተ ፊት ሲታተም ግራው ቀኝ ይሆናል። የሱቅ ጽሑፍን፣ የወንድ ኮት አዝራርን ይዩ፤ የወንድ ኮት ግራው በቀኙ ላይ ይደረባል። በእኛ አገር ፎቶ ግን ጎራዴን መመዘኛ አያድርጉ፤ መኳንንቱ በቀኝ ጎናቸው ይታጠቁ ስለነበር፣ የውጭ አገር አዘጋጅ "ሊያስተካክል" ብሎ ትክክለኛውን ምስል ሊገለብጠው ይችላል። አራተኛው በአንድ ፎቶ ስለ ሕዝብ መናገር ነው፤ ይህን ማብራራት አያሻም።

ስካን ማድረግ

አቧራውን ከመሀል ወደ ጠርዝ በብሩሽና በአየር ብቻ ያስወግዱ። ውኃ፣ አልኮል፣ የመስታወት ማጽጃ ፊቱን እንዳይነካው፤ አልቡሚን ሲርስ ስንጥቁ ይሰፋል። ስካነሩ ላይ ራሱ የሚያስተካክለውን፣ ምስሉን የሚያጠራውንና አቧራ የሚያጠፋውን ምርጫ ሁሉ ያጥፉ። ጥቁርና ነጭ ቢሆንም በቀለም ስካን ያድርጉ፤ ቢጫው፣ ሐምራዊው፣ የብሩ ነጸብራቅ መረጃ ነው። ለ10 × 15 ሴ.ሜ. ህትመት 600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ) ይበቃል፤ 2362 በ3543 ፒክስል፣ በቲፍ (ጥራቱ ሳይቀነስ በሚቀመጥ የምስል ፋይል) ወደ 25 ሜጋባይት ይሆናል። ለትንሹ የስጦታ ካርድና ለኔጋቲቭ 1200 ያድርጉ። ጠርዙን አይቁረጡ፤ ካርቶኑ በሙሉ፣ ጎኑ ላይ ማስመሪያ ተቀምጦ፣ ከዚያም ጀርባው ለብቻ። የመስታወት ኔጋቲቭ ከስካነሩ መስታወት ጋር ሲገናኝ ቀለበት የመሰለ ቀለም ያወጣል፤ በአራቱም ጠርዝ ስር ስስ የካርቶን ቁራጭ ማስገባት ያስቀረዋል። የተሰነጠቀ ሰሌዳ ላይ ክዳኑን አይክደኑ፤ በጥቁር ጨርቅ ይሸፍኑት።

ስካነር ከሌለ ስልክ ይሠራል። ፎቶውን በጥቁር ወረቀት ላይ መስኮት አጠገብ ያኑሩ፣ ፀሐይ በቀጥታ አታግኘው፣ ፍላሽ ይጥፋ፣ ስልኩን አርቀው ሁለት እጥፍ ያቅርቡ፤ ከቅርብ ሲነሳ አራቱ ማዕዘን ይጣመማል። ፍሬም ውስጥ ከመስታወቱ ጋር የተጣበቀ ፎቶ ካለ እንዳይላጥ። በመስታወቱ ላይ እንዳለ ያንሱት።

ፊልም ከሆነ ይጠንቀቁ። ከ1889 እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የተሠሩ የናይትሬት ፊልሞች በቀላሉ ይቀጣጠላሉ። ጠርዙ ላይ "ሴፍቲ" የሚል የላቲን ጽሑፍ ከሌለ፣ ፊልሙ ቢጫ ሆኖ ከተጣበቀና ሽታው ከከረፋ ከሙቀትና ከመብራት ያርቁት፣ ከሌላው ስብስብ ለይተው ለሙያተኛ ያሳዩ።

የፋይሉ ስም በላቲን ፊደልና በቁጥር አጭር ይሁን፤ አንዳንድ የቆዩ ፕሮግራሞች የግዕዙን ፊደል ያበላሹታል። ቲፉን አይንኩት፣ ለመላላክ ጄፔግ ይሥሩለት። ሦስት ቅጂ፣ ሁለቱ በተለያየ ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጭ።

መግለጫ መጻፍ

ብዙ ሰው እዚህ ደርሶ ይደክመዋል፤ ሥራው ግን ለሌላ ሰው የሚጠቅመው በዚህ ነው። መግለጫው የሚታየውን፣ የሚታወቀውንና የሚገመተውን መለየት አለበት። ለምሳሌ ያህል እንዲህ፦

"የአፒያ ወደብ፣ ኡፖሉ ደሴት፣ ሳሞአ። አንሺው አልታወቀም። ከማርች 1889 በኋላ፤ በግራ በኩል አለቱ ላይ የአድለር ስብርባሪ ይታያል። የጄላቲን ህትመት፣ 15 × 20 ሴ.ሜ.፣ በካርቶን ላይ የተለጠፈ። ኔጋቲቩ ላይ በነጭ የተጻፈ፦ '...'። ጀርባው ላይ በእርሳስ፦ '...'። ጀልባው ላይ ያሉት ሦስት ሰዎች አልተለዩም።"

የመጀመሪያው መግለጫ የሚያዋርድ ቃል ካለበት አይሰርዙት፤ በጥቅስ ውስጥ ያስቀምጡት፣ ከጎኑ የእርስዎን ይጻፉ። የተሰረዘ ስድብ ሻጩ ማን እንደነበርና ለማን እንደሚሸጥ የሚያሳየውን ማስረጃ ይዞ ይጠፋል። የተራቆቱ ሴቶችን፣ አስከሬንን፣ ሥርዓተ ቀብርን የሚያሳይ ምስል ለልጥፍ አይደለም፤ የፓስፊክ ተቋማት ራሳቸው አንዳንዱን ከእይታ አንስተው ከተወላጆቹ ጋር ይመክሩበታል። በእኛም የወረራ ዘመን ፎቶዎች መካከል ተሰቅለው ወይም ተረሽነው የተነሱ አርበኞች አሉ። እነሱን ከማሳየት በፊት ስማቸውን መፈለግ ይቅደም፤ ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የፎቶግራፍ ክምችት ስላለው እዚያ ማወዳደር ይቻላል።

ማስቀመጥ

ክረምቱ ዋናው ጠላት ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም የአዲስ አበባ እርጥበት ሻጋታ ያበቅላል፤ በቆርቆሮ ጣራ ስር ያለ ኮርኒስ ደግሞ በበጋ ይግላል። ከወለል ከፍ ባለ የብረት ሳጥን ወይም ቁም ሣጥን፣ ከውጭው ግድግዳ ራቅ አድርገው ያኑሩ። በሳጥኑ ውስጥ የሲሊካ ከረጢት ይግባ፤ እርጥበት ጠጥቶ ሲሞላ በአምራቹ መመሪያ መሠረት ይድረቅ ወይም ይቀየር። ሽታ ያለው ለስላሳ ፕላስቲክ፣ ተለጣፊ ገጽ ያለው አልበም፣ ጋዜጣ፣ ላስቲክ፣ ስኮች፣ የወረቀት መያዣ ሽቦ አይጠጉት። አሲድ የሌለበት ወረቀት ወይም የፖሊስተር ከረጢት ይበቃል። ሰማያዊ የሆነ ሳያኖታይፕ ህትመት ካለዎት ለብቻው በተራ ከአሲድ ነጻ ወረቀት ይጠቅለል፤ የአልካላይ ማጠናከሪያ የተጨመረበት ወረቀት ሰማያዊውን ያደበዝዘዋል። የመስታወት ኔጋቲቭ በረጅሙ ጎኑ ይቁም እንጂ አይነባበር፤ ክብደቱ የታችኛውን ይሰብረዋል።

ሻጋታ የያዘ ፎቶ ካገኙ እርጥብ እያለ አይጥረጉ፤ ይቀባል። ከሌሎቹ ለይተው በደረቅ ጥላ ያድርቁ፣ ከዚያ ውጭ ላይ፣ አፍና አፍንጫ ተሸፍኖ በብሩሽ ያራግፉ። ብሩሹን ለሌላ ፎቶ አይጠቀሙበት።